ምንም ላልተዘጋጀላቸው

በዓሉ አለፈ። ድስቱ ታጥቦ ቦታው ገብቷል። ወጥ ቤቱ ግን አሁንም የበዓል ሽታ አለው። የተወደዳችሁ፣ ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ በዓሉ ታሪክ አይደለም። እሱን በየጉባኤው ሰምታችሁታል። እኔ ማውራት የፈለግሁት ቤታችን ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ ስለተቀመጥንበት ማዕድ ነው።

ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ አንዲት እኅት አገኘችኝ። ባለቤቷ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። "በዓል እንዴት ነበር?" አልኳት፣ ሁላችንም እንደምንለው። "ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ" አለችኝ። ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። "አይ፣ ደህና ነኝ። የሰው ገበታ ማየት አቅቶኝ ነው" አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ያ ፈገግታዋ ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ።

ለምን መሰላችሁ? የዚያን ዕለት እኔም የገበታችንን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ፣ መብራቱን አስተካክዬ፣ ልጆቹን "ቆይ አትንኩ!" እያልኩ ያነሳሁት ፎቶ ነው። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ሦስቴ አነሳሁት። ከሥሩም ጥቅስ ጻፍኩ፦ "የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው።" ነህምያ 8፥10።

ማታ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ያን ቁጥር ደግሜ አነበብኩት። ለካ የለጠፍኩት ጭራውን ብቻ ነው። ከፊቱ ያለውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

ሙሉው እንዲህ ይላል፤ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ። ምንም ላልተዘጋጀላቸውም እድል ፈንታቸውን ላኩ። ዛሬ ለጌታችን የተቀደሰ ቀን ነው። አትዘኑ፣ የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና። የምንወዳት የመጨረሻዋ ሐረግ የተንጠለጠለችው "ላኩ" ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ነው። እኛ ደግሞ ደስታውን አስቀርተን መላኩን ጣልነው።

እስቲ ቀኑን እናስታውሰው። ወሩ ሰባተኛው ወር ነው፤ ቀኑ የመጀመሪያው። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ተሠርቶ ያለቀው ከዚያ በፊት ባለው በስድስተኛው ወር፣ በኤሉል 25 ነበርና፣ ሥራው ካበቃ ሳምንት እንኳ አልሞላም። የሰዉ እጅ ገና ከድንጋይና ከጭቃ አልጸዳም ማለት ነው። ሕዝቡ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰበ። ካህኑና ጸሐፊው ዕዝራ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ሕጉን ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበ። ሌዋውያኑ እየተዘዋወሩ ትርጉሙን ያስረዳሉ። ሕዝቡ ሰማ፣ ገባው፣ ከዚያም አለቀሰ።

እንዲህ ያለ ልቅሶ ያየ ሰባኪ ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን ጉባኤውን አስረዝመው ነበር፤ እውነቴን ነው። "ወገኖች፣ መንፈስ እየሠራ ነው፣ ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ" የምል ይመስለኛል። ገዥው ነህምያ ግን ወደ ቤታችሁ ሂዱና ብሉ አላቸው። እንባቸው ሐሰት ስለሆነ አይደለም። ቀኑ የተቀደሰ ስለሆነ ነው። ቅድስናና የሰባ ምግብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኙ።

ይህ ለአንዳንዶቻችን መጽናኛ ነው። በመካከላችን ጣፋጭ ነገር ሲበሉ የሚሸማቀቁ አሉ። ምግብ አጣጥሞ መብላት ሥጋዊነት ይመስላቸዋል። በበዓል ቀን እንኳ ፊታቸውን አጨፍግገው ይቀመጣሉ፤ የሚጎርሱት በሕግ የተፈረደባቸውን ያህል ነው። ወዳጄ፣ በዘዳግም 14 እግዚአብሔር ከሩቅ ለሚመጣ አምላኪ ምን እንዳለው ታስታውሳለህ? ገንዘብህን ይዘህ ና፣ ነፍስህ የወደደችውን ግዛ፣ በፊቴ ከቤተሰብህ ጋር ብላና ደስ ይበልህ ነው ያለው። "ነፍስህ የወደደችውን!" እግዚአብሔር ልጅህ የትኛውን ምግብ እንደምትወድ ያውቃል። እናትህ ያቺን አንዲት ምግብ ስትሠራ ቤቱ ለምን ዝም እንደሚል ያውቃል። ይህንን ደስታ የፈጠረው እሱ ነው። ስለዚህ ብላ። አመስግንና ብላ።

ዘዳግም 14 ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር በደጅህ ያለውን፣ የርስት ድርሻ የሌለውን ሌዋዊ ቸል አትበል ይላል። የነህምያ ቃልም እንደዚያው ነው። ብሉ፣ ጠጡ፣ ላኩ። ሦስቱም ትእዛዝ ናቸው። ሁለቱን ጠብቀን ሦስተኛውን "ከቻልን" ብለን አለፍነው።

"ምንም ያልተዘጋጀላቸው" እነማን ነበሩ? ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሱ። ምዕራፍ 5 ላይ ሕዝቡ ይጮኻል። ከራብ የተነሣ እህል ለማግኘት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘዋል። የንጉሡን ግብር ለመክፈል ተበድረዋል። ልጆቻቸውን ለባርነት የሰጡ አሉ። አበዳሪው ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ ወንድማቸው ነው። አብሯቸው ቅጥር የሚሠራ፣ አብሯቸው የሚጸልይ ሰው። በውኃው በር አደባባይ ከቆመው ሕዝብ መካከል ቤቱ ሄዶ የሚበላው የሌለው ነበረ። "ሂዱ ብሉ" ሲባል አንገቱን የደፋ ሰው ነበረ። ነህምያ ያንን ሰው አይቶታል። "ላኩ" ያለው ለዚያ ነው።

ነህምያ ደግሞ ድግስ የማያውቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። በየቀኑ በገበታው 150 ሰው ይቀመጥ ነበር፤ በዙሪያው ካሉ አሕዛብ የሚመጣው ሳይቆጠር። ለአንድ ቀን አንድ በሬ፣ ስድስት ምርጥ በጎችና ወፎች ይዘጋጁ ነበር። እንዲህም ሆኖ በ12 ዓመት የገዥነት ዘመኑ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ ከሕዝቡ አልጠየቀም። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፤ በሕዝቡ ላይ ያለው ሸክም ከብዶ ነበር። ገበታው ሰፊ ነው፣ ግን የድሃ እንባ የለበትም። የእኛስ?

ይቺን በአጭሩ ላንሳትና ልለፍ። ለአንድ ቀን ገበታ ብለን የምንበደረው ነገር አለ። ጎረቤት ምን ይላል ብለን ነው። ከበዓል በኋላ ባልና ሚስት በዕዳው ይጣላሉ። እንዲህ ያለውን ድግስ እግዚአብሔር አልጠየቀንም። ያለህን ብላ።

አሁን "እድል ፈንታ" ወደሚለው ቃል ልምጣ፤ ልቤን የያዘው እሱ ነውና። በዕብራይስጡ "ማኖት" ይላል፤ ነጠላው "ማና" ነው። ይኸው ቃል ሌላም ቦታ አለ። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ላይ። ሕልቃና ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ፍናና ልጆች ነበሯት፣ ሐና ግን ልጅ አልነበራትም። ሕልቃና መሥዋዕት በሚያቀርብበት ቀን ለፍናናና ለልጆቿ ሁሉ እድል ፈንታቸውን ይሰጣቸው ነበር። ለሐና ደግሞ ይወዳት ነበርና እጥፍ ይሰጣታል። ልብ በሉ፤ እድል ፈንታ ማለት ትርፍራፊ አይደለም። ገበታው ላይ ሁሉም ሲቆረስለት አብሮ የሚቆረስ ነው። ስም ያለው ድርሻ ነው።

እኛ ለድሃ የምንልከው መቼ ነው? እውነቱን እንነጋገር። በሦስተኛው ቀን ነው። ማቀዝቀዣው ሲጠብ ነው። "ይበላሻል፣ ለእነ እንትና እንስጣቸው" እንላለን። ከዚያም ምጽዋት ብለን እንቆጥረዋለን። ማንም ሰው ከመጉረሱ በፊት፣ ድስቱ ገና ሲከፈት፣ የሥጋው ደህናው ክፍል ሳይነካ፣ "ይህ የእሷ ነው" ብሎ በክዳን የሚያስቀምጥ ስንት ቤት አለ? እኔ ቤት አልነበረም። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ።

ደግሞም "ላኩ" ነው ያለው፤ መጥተው ይለምኗችሁ አላለም። ድርሻው ወደ ቤቱ ይሄድለታል። ልጆቹ ፊት ሳያፍር ይበላል። በር ላይ አቁመን፣ ጥቂት መክረን፣ ፎቶ አንስተን የምንሰጠው ነገር ከዚህ ጋር በምን ይገናኛል? የተቸገረ ወንድሙን ፊት በፎቶ ላይ የሚያሳይ ሰው ድርሻውን አልሰጠውም፤ ሸጦታል። ቃሌ ከበደ መሰለኝ፤ ይሁን።

ወደ ሐና እንመለስ። እጥፍ ድርሻ ፊቷ አለ፤ እሷ ግን አትበላም፣ ታለቅሳለች። በየዓመቱ እንዲሁ ነበር። ለሌላው የደስታ ቀን የሆነው በዓል ለእሷ ቁስሏ የሚነካበት ቀን ነው። በየዓመቱ ፍናና ልጆቿን በዙሪያዋ ይዛ ትቀመጣለች። ሐና ትቆጥራቸዋለች። ሕልቃና ይወዳታል፤ ግን የሚለውን ስሙት፦ "ስለ ምን ታለቅሻለሽ? እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን?" ደግ ባል ነው። ግን ለኀዘንተኛ ሰው በበዓል ቀን የሚባለውን የማይረባ ነገር ሁሉ እሱም አለ። "አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ" እንደምንለው። "በዓል ነው፣ በበዓል አይለቀስም" እንደምንለው።

እኅቴ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ የተኛሽው፣ ይህን ለአንቺ ነው የምጽፈው። መጽሐፍ ሐናን ስላለቀሰች አልወቀሳትም። ማዕዱ ሲያበቃ ተነሳች፤ ወደ ፍናናም ወደ ሕልቃናም አልሄደችም። ወደ እግዚአብሔር ሄደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራ መሰለው። የበዓል ቀን ነዋ! አምላኪ ሁሉ በልቶ ጠጥቷል። ከደስተኞች መካከል አንዲት ኀዘንተኛ ብትገኝ ሰካራም ተባለች። እሷ ግን ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እወደዋለሁ፤ ቁጥር 18 ነው። ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ በኋላ አላዘነም። የለመነችው ልጅ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ቤቷ ያው ነው፤ ፍናናም ያው ናት። ሐና ግን በላች። ልጁን ሳታቅፍ በፊት በላች።

ስለዚህ አልቅሺ። ማንም አያስቸኩልሽ። መብላት የምትችይበት ቀን ይመጣል፤ ያ ቀን የጎደለሽ ሁሉ የተሞላበት ቀን ላይሆን ይችላል።

ስለ ማርታም አንድ ነገር ልበል፤ በየበዓሉ ስሟን እየጠራን ሴቶቻችንን ስለምንወቅስ። ጌታ "በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ ትታወኪማለሽ" አላት እንጂ ምግብ አትሥሪ አላላትም። ዮሐንስ 12 ላይ፣ ከፋሲካ ስድስት ቀን በፊት፣ በቢታንያ እራት ሲደረግ ማርታ አሁንም ታገለግላለች። ማንም አልከለከላትም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሌሊት ተነስታ የሠራችው ሴት ወጥ ቤት ቆማ፣ ከድስት ጫፍ፣ ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ ስትበላ ነው። ለእሷም ምንም አልተዘጋጀላትም! እድል ፈንታ የምንልክለት ሰው አንዳንዴ እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው ያለው። ወንዶች፣ ተነሱና ሳህን አቅርቡ። ጸሎቱም እሷ ሳትቀመጥ አይጀመር።

እኔ ምን አደረግሁ? ፎቶውን አጠፋሁት። ይህ ቀላሉ ነው። ማክሰኞ ማታ ለዚያች እኅት ደወልኩላት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ ግን ቃል ጠፋኝ። እንዲያው በድንገት "ባለቤትሽ በበዓል ምን መብላት ይወድ ነበር?" አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" ልል ስል መናገር ጀመረች። የሚወደውን ነገረችኝ። እንዴት እንደምትሠራው፣ እሱ እየሰረቀ እንደሚቀምስ፣ ሁልጊዜ "ጨው አነሰው" እያለ እንደሚነዘንዛት። ጨው አላነሰውም ነበር። ሳቀች። ከሞተ ወዲህ ያን ምግብ ሠርታው አታውቅም። ስሙን እንኳ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ግማሽ ሰዓት አወራን፤ ከዚያ ውስጥ እኔ የተናገርኩት አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል "ለሚመጣው በዓል ብሠራው የሚበላልኝ አገኛለሁ?" አለችኝ። ልጆቼን ይዤ እንደምመጣ ነገርኳት። ባለቤቴ ሽንኩርት ልትልጥ ቀድማ ትሄዳለች። እኔን ደግሞ ጨው አነሰው እንዳልል ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።