ሶሆ፦ ፀሐይን ለ30 ዓመት ያልተለየ መንኮራኩር

ሶሆ ፀሐይን የሚከታተል የምርምር መንኮራኩር ነው። የአውሮፓ የህዋ ድርጅትና የአሜሪካው ናሳ በጋራ ነው የላኩት። የመጠቀው ዲሴምበር 2 ቀን 1995 ከኬፕ ካናቬራል ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሲሠራ የታሰበለት ዕድሜ 2 ዓመት ብቻ ነበር። በአማርኛ ስለሱ የተጻፈ ነገር ብዙ አይገኝም። ስለ ፀሐይ ማግኔታዊ ባህርይ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር ግን በሱ በኩል ነው የመጣው።

ፀሐይ ሲባል ቶሎ የሚታየን እሳት ነው። ማግኔቷ ግን ከእሳቷ ያልተናነሰ ጉድ አለው። የፀሐይ አካል ፕላዝማ የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የጋለ ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ሁሉም ቦታ እኩል አይዞርም። ወገቧ ላይ አንድ ዙር 25 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ዋልታዎቿ አካባቢ ግን ከ30 ቀን ያልፋል። በዚህ የተነሳ የማግኔት መስኩ እንደሚፈተል ጥጥ ይጠመዘዛል፣ ይከራል። በጣም የከረረው ወደ ላይ ብቅ ይላል። ብቅ ያለበት ቦታ ከሥር የሚመጣው ሙቀት ስለሚታገድ ከአካባቢው ይቀዘቅዛል፤ ለእኛም ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። የማግኔት ጥንካሬ በጋውስ ይለካል፤ የምድር የማግኔት መስክ ግማሽ ጋውስ ያህል ነው። በትልልቅ ነጠብጣቦች ውስጥ ያለው ግን 3,000 ጋውስ ይደርሳል። የከረረው መስክ ድንገት ተበጥሶ በሌላ መልክ ሲያያዝ ኃይለኛ ፍንዳታ ይፈጠራል። አንዳንዴም በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር ፕላዝማ ወደ ህዋ ይወረወራል።

ማግኔት በዓይን አይታይም። ታዲያ እንዴት ይለካል? በብርሃን ነው። የፀሐይን ብርሃን ወደ ቀለማቱ ሲበትኑት በመሃሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ማግኔት ካለበት ቦታ በመጣ ብርሃን ላይ አንዱ መስመር ይሰነጠቃል። መስኩ በጠነከረ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል። ሆላንዳዊው ፒተር ዜማን ይህን በ1896 በቤተ ሙከራ አየ። አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል ደግሞ በ1908 በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን የፀሐይ መመልከቻ ጣቢያ ሆኖ በፀሐይ ነጠብጣቦች ላይ አገኘው።

ይህን ሥራ ከምድር ሆኖም መሥራት ይቻላል። ግን ሌሊት አለ፣ ደመና አለ፣ የሚንቀጠቀጥ አየር አለ። ከሁሉም በላይ የፀሐይ አክሊል የሚታይበትን አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ የምድር ከባቢ አየር አያሳልፍም። ኮሮና የሚሉት አክሊል ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ የጋለ የፀሐይ ውጫዊ ክፍል ነው። በ1973 ስካይላብ በተባለው የአሜሪካ የህዋ ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች፣ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ ዮህኮ የተባለው የጃፓን መንኮራኩር ከህዋ ሆነው አይተውታል።

ሶሆ የቆመበት ቦታ የተመረጠ ነው። ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የመጀመሪያው የላግራንጅ ነጥብ በሚባለው፣ የፀሐይና የምድር ስበት ተመጣጥኖ መንኮራኩር ከምድር ጋር እኩል እንዲዞር በሚያስችልበት ቦታ ዙሪያ ይዞራል። እዚያ ሌሊት የለም። 12 መሣሪያዎች ይዞ ሄዷል። ከነሱ 9ኙ በአውሮፓ፣ 3ቱ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የተመሩ ናቸው። ኤምዲአይ የማግኔት ካርታ ያነሳ ነበር። ኢአይቲ አክሊሉን በአልትራቫዮሌት ያሳያል። ላስኮ ፀሐይን በክብ ጠፍጣፋ ጋርዶ፣ ሰው ሠራሽ ግርዶሽ ፈጥሮ፣ ዙሪያዋን ይመለከታል።

የኤምዲአይ ግኝቶች በዘርፉ ታሪክ ትልቅ ቦታ ይገባቸዋል። ነጠብጣብ የሌለበት ጸጥተኛ የሚመስለው የፀሐይ ገጽ እንኳ በጥቃቅን ማግኔቶች የተሸፈነ ሆኖ ተገኘ። ሳይንቲስቶቹ "የማግኔት ምንጣፍ" አሉት። ምንጣፉ በ40 ሰዓት ገደማ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ኤምዲአይ የፀሐይን ገጽ ንዝረትም ያዳምጥ ነበር። ሐኪም ደረትን አዳምጦ ውስጡን እንደሚያውቅ፣ በዚህ ንዝረት የውስጧ አዟዟር ታወቀ። በ2000 ደግሞ ከወዲያኛው ገጽ ያሉ ነጠብጣቦች በዚሁ ዘዴ ተለዩ።

አሁን ወደ 1998 እንምጣ። ጁን 25 ቀን፣ በመደበኛ የማስተካከያ ሥራ መሃል፣ ሶሆ ሚዛኑን ሳተ። ግንኙነቱም ተቋረጠ። በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ቡድን መንኮራኩሩ ጥፋት እንዳልነበረበት፣ ስህተቱ ከምድር የተላኩት ትእዛዞች ላይ እንደነበረ አረጋግጧል። ይህ በግልጽ ሊነገርለት ይገባል። ሶሆ እየተሽከረከረ ሄደ፤ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩለት ሰሌዳዎቹ ከፀሐይ ዞሩ፤ ኤሌክትሪክ አጣ። ለሳምንታት ምንም ድምፅ አልነበረም።

ጁላይ 23 ቀን በፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ 305 ሜትር ቴሌስኮፕ ወደሚጠበቅበት ቦታ የራዳር ሞገድ ላከ። በካሊፎርኒያ ጎልድስቶን ያለው 70 ሜትር አንቴና የገደል ማሚቶውን አዳመጠ። ሶሆ አልጠፋም! ከቦታው ሳይርቅ በደቂቃ አንድ ዙር ያህል ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ኦገስት 3 ቀን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሬዲዮ ምልክት ተሰማ። ሆኖም ነዳጁ ሃይድራዚን በረዶ ሆኖ ነበር። ባለሙያዎቹ ባትሪውን በጥቂት በጥቂቱ እየሞሉ፣ መጀመሪያ ታንኩን፣ ቀጥሎ ቧንቧዎቹን አሟሟቁ። ሴፕቴምበር 16 ቀን ፊቱን ወደ ፀሐይ መለሰ። ሴፕቴምበር 25 ቀን መደበኛ ሁኔታው ላይ ደረሰ። በዚያ ሁሉ ብርድና ሙቀት ውስጥ አልፈው 12ቱም መሣሪያዎች ተነሱ። ከላስኮ ሦስት ቴሌስኮፖች ግን አንዱ ሳይመለስ ቀረ።

ፈተናው አላበቃም። ሚዛን የሚጠብቁለት ሦስት ጋይሮስኮፖች ነበሩት። ሁለቱ በአደጋው ጠፍተዋል። የመጨረሻው ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተበላሸ። መሐንዲሶቹ አዲስ ሶፍትዌር ጽፈው ከምድር ላኩለት። ከፌብሩዋሪ 1999 ጀምሮ ያለ ጋይሮስኮፕ መሥራት ቀጠለ። 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን፣ እጅ የማይደርስበትን ማሽን እንዲህ ማዳን በህዋ ምርምር ታሪክ ከታዩት ድንቅ ሥራዎች አንዱ ነው።

የሶሆን ጥቅም ሰው ሁሉ ያየው በ2003 ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ፀሐይ በተደጋጋሚ ፈነዳች። ላስኮ ወደ ምድር የሚመጣውን የፕላዝማ ደመና አስቀድሞ አሳየ። በስዊድን ማልሞ ከተማ መብራት ጠፍቶ ነበር። የኖቬምበር 4ቱ ፍንዳታ ከመለኪያዎቹ አቅም በላይ ስለነበረ ትክክለኛ መጠኑ እስካሁን ያከራክራል። የተለመደው ግምት ኤክስ 28 ነው፤ ኤክስ የኃይለኞቹ ፍንዳታዎች ደረጃ ነው። ከዚያ በጣም ይበልጣል የሚሉም አሉ።

ይህ ነገር አገራችንንም ይነካል። የምድር የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከላያችን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ማዕበሉ ከፀሐይ ሲደርስ ይህ ጅረት ይናወጣል፤ የጂፒኤስ ምልክትም ሊዛባ ይችላል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከ1957–58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ የምድርን ማግኔት ሲመዘግብ ኖሯል። ሶሆ ከላይ ያየውን ማዕበል እዚህ በመሬት ላይ የሚያስመሰክር መዝገብ ነው።

ላስኮ ጅራታም ኮከቦችንም ያያል። በማርች 2024 ቁጥራቸው 5,000 ደረሰ። አብዛኞቹን ያገኙት ምስሉን በኢንተርኔት የሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

በ2010 ኤስዲኦ የተባለው የናሳ የፀሐይ መንኮራኩር መጠቀ። ከሱ ጋር የሄደው ኤችኤምአይ የተባለ መሣሪያ በየ45 ሰከንዱ የሙሉ ፀሐይን የማግኔት ካርታ ያነሳል። ኤችኤምአይና ኤምዲአይ ለአንድ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ከሠሩ በኋላ ኤምዲአይ በኤፕሪል 2011 አረፈ። አብረው የሠሩት በምክንያት ነው፦ መለኪያቸው እንዲመሳከርና ከ1996 የጀመረው መዝገብ እንዳይበጠስ። ሌሎች የፀሐይ መንኮራኩሮችም፣ የጃፓኑ ሂኖዴ በ2006፣ የናሳ ፓርከር በ2018፣ የሕንዱ አዲትያ ኤል 1 በ2023 መጥቀዋል። አክሊሉ ከፀሐይ ገጽ ይልቅ ለምን እንደሚግል ግን ስምምነት የለም። ጥቃቅን ፍንዳታዎች ናቸው የሚሉ አሉ፤ በማግኔት መስኩ ላይ የሚጓዙ ሞገዶች ናቸው የሚሉም አሉ። ምናልባት ሁለቱም ይሆናሉ።

ሶሆ ሊያየው ያልቻለው ነገር አለ፤ የፀሐይን ዋልታዎች። ከቆመበት ሆኖ የሚያያቸው በጠርዝ በኩል ብቻ ነው። በ2020 የተላከው ሶላር ኦርቢተር የተባለ መንኮራኩር ምህዋሩን ቀስ በቀስ አዘንብሎ በ2025 ደቡብ ዋልታዋን ከ17 ዲግሪ ማዕዘን ፎቶ አነሳ። እዚያ የሰሜንና የደቡብ ማግኔት ተቀላቅሎ ነበር የተገኘው፤ ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ ዋልታዎቿን በምትገለብጥበት ወቅት ላይ ነበረች።