ሱፐርቱ 2020፦ በሦስት ራውንድ ያለቀው የአውስትራሊያ ሁለተኛ ደረጃ የመኪና ውድድር

አውስትራሊያና የመኪና ውድድር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሜልቦርን ላይ ሚካሄደው ፎርሙላ ዋን ነው፣ የአገሬው ሰው ልቡ ያለው ግን ሱፐርካርስ ላይ ነው። ከውጪ የመንገድ መኪና መልክ ያላቸው ግን ውስጣቸው ሙሉ ለሙሉ ለሩጫ የተሰሩ፣ በ2020 ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሞተር የነበራቸው መኪኖች። የዚህ ውድድር ታናሽ ወንድም ደግሞ ሱፐርቱ ይባላል። እዚህ የማወራው ስለ 2020 ሲዝኑ ነው (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ ምክንያቱም ትንሽ ሆኖ ብዙ ነገር የታጨቀበት ዓመት ነበር።

መጀመሪያ ግን ሱፐርቱ ራሱ ምንድነው? በኛ ኳስ ከፍተኛ ሊግ እንደማለት ነው ብዬ ላስረዳችሁ ነበር፣ ግን ልክ አይመጣም። ከፍተኛ ሊግ ላይ አንደኛ የወጣ ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያድጋል፣ አለቀ። ሱፐርቱ ላይ ግን ዋንጫ ስለበላህ ብቻ ማንም አያሳድግህም፣ ላይኛው ውድድር ላይ ወንበር የሚሰጥህ ቡድን መኖር አለበት፣ ቡድኑም የመወዳደሪያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ፈቃዱ ደግሞ በቁጥር የተወሰነ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

ውድድሩ የተጀመረው በ2000 ነው፣ ስለዚህ 2020 ሃያ አንደኛው ሲዝን መሆኑ ነው። ስሙ ስፖንሰር በተቀየረ ቁጥር ሲቀያየር ኖሯል፣ አንዴ ኮኒካ፣ አንዴ ፉጂትሱ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ጎማ አቅራቢው ደንሎፕ፣ ሱፐርቱ የሚለው ስም የመጣው በ2017 ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ዲን ካንቶ ይባላል፣ በ2005 ደግሞ ደገመው። ፖል ደምብሬል በ2002 እና በ2014፣ ስቲቭ ኦወን በ2008 እና በ2010 ሁለት ሁለቴ ወስደዋል። ማርክ ዊንተርቦተም በ2003 እዚህ አሸንፎ የላይኛውን ዋንጫ ለመውሰድ እስከ 2015 ጠብቋል። ስኮት ማክላግሊን በ2012 በ19 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነና በሚቀጥለው ዓመት ላይኛው ውድድር ላይ ገብቶ ወዲያው ማሸነፍ ጀመረ። አንዱ 12 ዓመት ሌላው ጥቂት ወር፣ የሱፐርቱ ነገር እንደዚህ ነው፣ ወጥ የሆነ መንገድ የለውም።

መኪኖቹ ያገለገሉ ናቸው። ላይኛው ቡድን አዲስ ሞዴል ሲያመጣ አሮጌው ወደ ሱፐርቱ ቡድኖች ይሸጣል፣ እነሱ ፈታተው ገጣጥመው ልጆቹን ያስነዱበታል። ስለዚህ በ2020 ላይኛው ውድድር ላይ የምታየው አዲሱን ፎርድ ሙስታንግና የአገሬው ብራንድ የሆነውን የሆልደንን ኮሞዶር ዜድቢ ሲሆን ሱፐርቱ ላይ ግን ኮሞዶር ቪኤፍ፣ ፎርድ ፋልከን ኤፍጂኤክስና ኒሳን አልቲማ ነበሩ። እዚህ ጋ አንድ የሚነካ ነገር አለ፣ ፎርድ አውስትራሊያ ውስጥ መኪና ማምረት ያቆመው በ2016 ሆልደን ደግሞ በ2017 ነው፣ ቪኤፍና ኤፍጂኤክስ ደግሞ አገር ውስጥ ከተመረቱት የመጨረሻዎቹ ሞዴሎች ናቸው። ስለዚህ እዚያ አገር የተሰራ መኪና መልክ ያለው ነገር ሲሮጥ ማየት የፈለገ ሰው ሙስታንጉን ትቶ ታናሽየውን ውድድር ነበር ማየት ያለበት። ሙዚየሙ ትራክ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ሆልደንና ፎርድ ማለት ለአውስትራሊያ ሰው ቡናና ጊዮርጊስ ማለት ነው። አባት የሆልደን ከሆነ ልጅም የሆልደን ነው፣ ቤት ውስጥ ፎርድ የገዛ ይሰደባል። ታዲያ የ2020 ሲዝን ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የካቲት 17 በፈረንጆቹ ሰኞ ቀን፣ የሆልደን ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ሆልደን የሚባለውን ስም ጭራሽ ከገበያ እንደሚያጠፋው አሳወቀ። የመጀመሪያው ራውንድ (አንድ ቦታ ላይ የሚደረግ የውድድር ሳምንት መጨረሻ ማለት ነው) ደግሞ የት ነበር? አደሌድ። ሆልደን በ1856 የፈረስ ኮርቻ እየሰራ የተጀመረባት ከተማ። ማንም ደራሲ እንደዚህ ቢጽፈው አበዛኸው ይባላል።

የአደሌድ ትራክ የከተማ መንገድ ነው፣ 3.219 ኪሎሜትር፣ ዙሪያውን የኮንክሪት ግድግዳ። በጣም የሚፈራው ስምንተኛው ኩርባ ነው፣ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሲሆን መውጫው ላይ ግድግዳው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፣ ትንሽ ሰፋ ካልክ መኪናው አለቀ ማለት ነው። ለወጣት ሹፌር ሲዝን መጀመሪያ ላይ እዚህ መምጣት ከባድ ፈተና ነው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ የሱፐርቱ ልጆች ስፖንሰር ለምነው የቤተሰብ ገንዘብ ጨምረው ነው የሚነዱት፣ መኪና ሰበርክ ማለት የሚቀጥለውን ራውንድ ብር በላህ ማለት ነው።

እዚያ ከተሰለፉት መሀል ቶማስ ራንድል ነበር። የሜልቦርን ልጅ ነው፣ በ2014 የአውስትራሊያ ፎርሙላ ፎርድ ሻምፒዮን፣ በ2017 ደግሞ ኒውዚላንድ ላይ የቶዮታ ሬሲንግ ሲሪስን የወሰደ፣ ችሎታው የማይጠየቅ ሰው። ለ2020 የሄደው ኤምደብልዩ ሞተርስፖርት ወደሚባለው ቡድን ነው፣ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ብራይስ ፉልውድ ዋንጫውን ያነሳበት ቤት። መኪናው ኒሳን አልቲማ ነው። የዚህ መኪና ታሪክ ራሱ ያስቃል፣ ኒሳን በ2013 ላይኛው ውድድር ላይ በትልቅ ጉራ አስገብቶት አንድም የሹፌሮች ዋንጫ ሳያገኝበት በ2018 መጨረሻ እጁን አወጣ፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ግን ታች ወርዶ በ2019 ፉልውድ እጅ ላይ ሌሎቹን ቀጣቸው፣ ሱፐርቱ ላይም ከሆልደንና ከፎርድ ውጪ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው መኪና ሆነ። የተጣለ ዕቃ ትክክለኛ ሰው እጅ ሲገባ ማለት ነው።

ራንድል ግን ወደዚህ ሲዝን የገባው ሌላ ሸክም ይዞ ነው። ጥር ላይ በፈረንጆቹ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር እንደተገኘበት ራሱ በይፋ ተናገረ፣ 23 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው ይሄ ልጅ ዓመቱን አይነዳም ብሎ ነበር። እሱ ግን አደሌድ መጥቶ ነዳ። ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ኮቪድ መጣ። መጋቢት አጋማሽ ላይ የሜልቦርኑ ፎርሙላ ዋን ሹፌሮቹ ከመጡ በኋላ ተሰረዘ፣ ሱፐርካርስም እዚያው ስለነበር ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ የክፍለ ሀገር ድንበሮች ተዘጉ፣ ካላንደሩ በሙሉ ተቀደደ። ለስፖርቱ መርዶ ነው፣ ለራንድል ግን፣ ነገሩን መናገር ራሱ ይከብዳል፣ ጊዜ ሆነለት። ኬሞቴራፒውን የወሰደው ሁሉም ሰው ቤቱ በተቀመጠበት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ነጥብ አላመለጠውም። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከካንሰሩ ነፃ መሆኑ ተነገረው።

ሁለተኛው ራውንድ ሲድኒ ሞተርስፖርት ፓርክ ላይ በነሱ ክረምት ተካሄደ። ስለ ትራኩ ብዙ የምለው የለኝም፣ 3.93 ኪሎሜትር የሆነ ቋሚ ሰርኪት ነው፣ አስፋልቱ ጎማ ይበላል፣ ግድግዳው ሩቅ ስለሆነ ከአደሌድ አንፃር ስህተት ይቅር ይላል። በዚያ ጊዜ የሜልቦርን ቡድኖች ላይኛው ውድድር ላይ ከከተማቸው ወጥተው ለወራት ቤታቸው ሳይመለሱ ሆቴል ለሆቴል ሲንከራተቱ ነበር የከረሙት፣ ድንበሩ ከተዘጋባቸው ሲዝኑ አለቀላቸው ማለት ስለሆነ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ባተርስት ነው፣ ጥቅምት ላይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ባተርስትን ሳያውቁ ይሄን ስፖርት መረዳት አይቻልም። ማውንት ፓኖራማ ይባላል፣ የዊራጁሪ ነባር ሕዝቦች ዋሉ ይሉታል፣ ውድድር በሌለበት ቀን ሰው የቤት መኪናውን የሚነዳበት በሰዓት 60 ኪሎሜትር ብቻ የተፈቀደበት ተራ የሕዝብ መንገድ ነው። ርዝመቱ 6.213 ኪሎሜትር፣ 23 ኩርባ፣ ከታች እስከ ላይ የ174 ሜትር ከፍታ ልዩነት አለው። ተራራውን ትወጣለህ፣ አናቱ ላይ በግድግዳ መሀል በጠባቡ ትሹለከለካለህ፣ ከዛ እንደ ደረጃ ቁልቁል ትወርድና ኮንሮድ የሚባለው ረጅም ቀጥታ ላይ ትፈታዋለህ። በደህናው ዘመን ሰው ድንኳኑን ተክሎ ለቀናት ተራራው ላይ ያድራል፣ በ2020 ግን የተፈቀደው ተመልካች በጣም ጥቂት ስለነበር ተራራው ጭር ብሎ ነበር።

ራንድል ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው እዚያ ነው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ዋናው የባተርስት 1000፣ ሁለት ሁለት ሹፌር አንድ መኪና እየተቀባበለ የሚነዳበት የ161 ዙር ሩጫ፣ ላይም በረዳት ሹፌርነት ተሰልፏል፣ ከወራት በፊት ኬሞ ላይ የነበረ ሰው እኮ ነው። ዋናውን ሩጫ ሼን ቫን ጊስበርገንና ጋርዝ ታንደር አሸነፉ፣ በሆልደን። የሆልደን ፋብሪካ ቡድን በዚያ ስም ያደረገው የመጨረሻ ሩጫ ያ ነበር። ሌላ ትንሽ ነገር፣ ሱፐርቱ ላይ ከራንድል ጋር ሲወዳደር የነበረው ብሮክ ፊኒ በ1000ው ሩጫ ቀን ነው 18 ዓመት የሞላው፣ ልደቱን ከጄምስ ኮርትኒ ጋር መኪና እየተቀባበለ አከበረ።

አሁን ወደዛች ነገር ልመለስ። ዋንጫውን የወሰደው ራንድል ነው አይደል? ለ2021 ሲዝን ግን ላይኛው ውድድር ላይ ቋሚ ወንበር ያገኙት ሌሎች ናቸው። ሱፐርቱ ላይ ሲፎካከረው የነበረው ዊል ብራውንና ከሱፐርቱ የወጣው ብሮዲ ኮስቴኪ ሁለቱም ኤረበስ የሚባል ቡድን ገቡ። ራንድልን የፈለገው ቲክፎርድ የሚባለው ቡድን ግን አራተኛ መኪና ለማሰለፍ የሚበቃ ፈቃድ አልነበረውምና በሦስት መኪና ሲወርድ ሻምፒዮኑ ውጪ ቀረ፣ አልፎ አልፎ እንደ እንግዳ እየተጋበዘ ነበር የሚነዳው። ለኔ የዚህ ውድድር ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፣ ማሠልጠኛ ነው ይሉታል ግን ለተመረቀው ልጅ ሥራ የለም።

በሌላ በኩል ግን የገቡት ልጆች ያደረጉትን ስታይ ማሠልጠኛው ራሱ አይታማም። ኮስቴኪ በ2023 የላይኛው ሻምፒዮን ሆነ፣ ብራውን በ2024 ተከተለ። ፊኒ በ2021 ሱፐርቱን በትሪፕል ኤይት ቡድን አሸንፎ፣ የላይኛውን ዋንጫ ብዙ ጊዜ ወስዶ ጡረታ የወጣውን የጄሚ ዊንከፕን ወንበር ተረከበ፣ ይሄም ሕልም የሚመስል ነገር ነው። የ2024ን የባተርስት 1000 ከኮስቴኪ ጋር ያሸነፈው ቶድ ሄዝልውድም የ2017 የሱፐርቱ ሻምፒዮን ነው፣ ያኔ የነዳለት ማት ስቶን ሬሲንግ የሚባለው ቡድንም እሱን ይዞ ራሱ አብሮ ወደ ላይ ወጣ።

ሱፐርቱም ከዛ በኋላ መልኩ ተቀይሯል፣ ከ2021 ጀምሮ ከሱ በታች ያለው ሱፐርትሪ ይበልጥ ያረጁ መኪኖቹን ይዞ መጥቶ ሁለቱ በአንድ ላይ መሮጥ ጀመሩ፣ ነጥቡ ግን ለየብቻ ይቆጠራል። ራንድልን በተመለከተ፣ ቲክፎርድ በ2022 እንደገና አራት መኪና ሲያሰልፍ ከካም ዋተርስ፣ ከኮርትኒና ከጄክ ኮስቴኪ ጎን ቋሚ ወንበሩን አገኘ። ዋተርስ ራሱ የ2015 የሱፐርቱ ሻምፒዮን ነው።