ኢሜጅ ሰርክል ምንድን ነው? ጥግ ላይ ብርሃን ስለደረሰ ሌንሱ ፊልሙን «ይሸፍናል» ማለት አይደለም

«ይሄ ሌንስ 8 በ10 ኢንች ፊልም ይሸፍናል፤ ጥጉ ድረስ ብርሃን አለው።» ይህን አባባል ደጋግሜ ሰማሁት፤ አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ የሠሪው ስም ያልተጻፈበት አንድ አሮጌ የነሐስ ሌንስ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ያየው ሁሉ የራሱን ይላል። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ በማገናኛ ቀለበት (አዳፕተር) ሚረርለስ በሚባል ዲጂታል ካሜራ ላይ ገጥመውት «ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነው፤ ለትልቅ ፊልም ይሆናል» ብለው ፈረዱ። ሁለቱም ፍርዶች የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ላይ ነው። ኢሜጅ ሰርክል ላይ፤ ማለትም ሌንሱ ፊልሙ ላይ በሚጥለው የምስል ክብ ላይ።

መነሻው ቀላል ነው። ሌንስ የሚጥለው ምስል ክብ ነው፤ ፊልሙ ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። ስለዚህ ፊልሙ እስከ ጥጎቹ ክቡ ውስጥ መግባት አለበት። የ4 በ5 ፊልም ምስል የሚያርፍበት ክፍል 95 በ120 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ከጥግ እስከ ጥግ 153 ሚሊሜትር ይሆናል። 5 በ7 ወደ 210፣ 8 በ10 ደግሞ ወደ 312 ሚሊሜትር ይፈልጋል። እስከዚህ ማንም አይከራከርም።

ችግሩ ክቡ አንድ አለመሆኑ ነው። ሌንሱ ብርሃን የሚያደርስበት ሰፊ ክብ አለ። በዚያ ውስጥ ደግሞ ምስሉ ጥርት ብሎ የሚወጣበት ጠበብ ያለ ክብ አለ። የታወቁ አምራቾች በዝርዝራቸው ላይ ኢሜጅ ሰርክል ብለው ቁጥር የሚሰጡት ለጠባቡ ነው። ሰው ግን ከካሜራው ኋላ ምስሉ የሚታይበትን ደብዛዛ መስታወት አይቶ፣ ጥጉ አለመጥቆሩን አይቶ፣ ስለ ሰፊው ክብ ያወራል።

ክረምት ላይ ሦስት ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሲሄዱ አስቡ። ሦስቱም ከጨርቁ ስር ናቸው። እጀታውን የያዘው የመሃሉ ሰው ጠብታ አይነካውም። የግራና የቀኙ ግን ትከሻቸው በስብሷል። «ጃንጥላው ሦስት ሰው ይሸፍናል» የሚል ሰው ጨርቁን አይቶ ነው እንጂ ትከሻቸውን ዳስሶ አይደለም። ፊልምም ላይ እንዲሁ ነው። ጥጉ ብርሃን ያገኛል፤ ዝርዝሩ ግን ተዝረክርኮ ይቀራል። የፋሲል ግንብ ድንጋይ ከድንጋይ አይለይም፤ ቅርንጫፍ ተጎትቶ ጭረት ይሆናል።

ወደ ሚረርለሱ ሙከራ ልመለስ። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር (በዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቦታ የሚይዘው) 24 በ36 ሚሊሜትር ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ 43 ሚሊሜትር ብቻ። የ8 በ10 ፊልም ጥግ ከመሃል 156 ሚሊሜትር ይርቃል፤ የሴንሰሩ ጥግ ግን ከ22 ሚሊሜትር አያልፍም። አስተያየት ሰጪው የመረመሩት የክቡን እምብርት ነው። እጀታውን የያዘውን ሰው «ረጥበሃል?» ብሎ ጠይቆ ስለ ሦስቱም እንደመመስከር ነው። «ከዳር እስከ ዳር» የተባለው ዳር የሴንሰሩ ዳር ነው። የሌንሱ ዳር ገና አልታየም።

ይህ ሙከራ በተቃራኒውም ያሳስታል። ትንሽ ሴንሰር ላይ የተነሳ ምስል በጣም ተለጥጦ ነው የሚታየው። ስለዚህ ጥሩ አሮጌ ሌንስ መሃሉ እንኳ ለስላሳ ሊመስል ይችላል። የ8 በ10 ፊልም ግን ብዙ ጊዜ በፊልሙ ልክ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ያ ልስላሴ እዚያ ላይ አይታይም። በሚረርለስ ውጤት ብቻ ሌንስ አትግዙ፤ ወይም አትተዉ።

አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ሲጠብ «ክቡ ሰፋ» የሚሉም አሉ። ነፋስ ሲኖር ዝናቡ በጎን ይገባል፤ ነፋሱ ሲረግብ ግን የዳር ሰዎችም ይደርቃሉ። ጃንጥላው አልሰፋም፤ ዝናቡ ቀጥ አለ እንጂ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 22 ስታጠብቡ (የኤፍ ቁጥር ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) በጎን የሚመጣውን የብርሃን ስህተት ትቀንሳላችሁ፤ የጠራው ክብ ወደ ዳር ይገፋል። የሰፊውን ክብ የመጨረሻ ድንበር የሚወስነው ግን የሌንሱ በርሜል (መስታወቶቹን የያዘው ቱቦ) ነው፤ እሱ ያው ነው። ለዚህ ነው ብዙ የአምራች ዝርዝር «በኤፍ 22» የሚለውን የሚጨምረው። አፐርቸሩ ያልተጠቀሰበት የኢሜጅ ሰርክል ቁጥር ግማሽ መረጃ ነው።

የሚነሳው ነገር ርቀት ያልተጠቀሰበትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ጃንጥላው አይረዳንም፤ ምክንያቱም ወደ ቅርብ ነገር ስታነጣጥሩ የካሜራው ወናፍ (በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው ተዘርጊ ክፍል) ይረዝማል፤ ክቡ ራሱ ያድጋል። ነገሩ በፊልሙ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ሲያርፍ የክቡ ዲያሜትር ሩቅ ነገር ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ አበባ አንስቶ «8 በ10 ሸፈነ» ያለ ሰው ሩቅ ስለቆመው ፋሲል ግንብ ምንም አልነገረንም። ለማተሚያ ቤት የተሠሩ ሌንሶችን የምትገዙ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ የእነሱ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለዚያ ቅርብ ርቀት ነው።

«የትኩረት ርቀቱ (ፎካል ሌንግዙ) ረጅም ነው፤ ስለዚህ ይሸፍናል» የሚለውም በቂ አይደለም። ወሳኙ ከትኩረት ርቀቱ ጋር ሌንሱ አጥርቶ የሚያይበት ማዕዘን ነው። ቴሳር የሚባለው የሌንስ ዓይነት በ150 ሚሊሜትር ከ4 በ5 ብዙም አያልፍም። ያው 150 ሚሊሜትር የሆነው የአምራቹ የሽናይደር ሲማር-ኤስ ሌንስ ግን በኤፍ 22 ወደ 210 ሚሊሜትር ክብ ይሰጣል። ስለዚህ የሌንሱን ዓይነት ሳናውቅ ስለ ሽፋኑ ማውራት አንችልም።

የፒያሳውን ሌንስ ዓይነት ለማወቅ የስልክ መብራት ይበቃል። የፊቱን ግማሽ ፈትታችሁ መብራቱን አብሩበትና ነጸብራቆቹን ቁጠሩ። አየርና መስታወት የሚገናኙበት ገጽ ሁሉ ደማቅ ነጸብራቅ ይሰጣል፤ ሁለት መስታወት የተጣበቀበት ገጽ ደብዛዛ ይሰጣል። በዚህ ሌንስ ፊቱም ኋላውም እያንዳንዳቸው ሁለት ደማቅና አንድ ደብዛዛ ነጸብራቅ አላቸው። ይህ ራፒድ ሬክቲሊኒየር የሚባለው ዓይነት ነው። ለንደን ላይ ዳልማየር፣ ሙኒክ ላይ ሽታይንሃይል የተባሉ ሌንስ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1866 በየፊናቸው ያወጡት ንድፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች ሠርተውታል። ስም የሌለው ሌንስ ሲገኝ ብዙ ጊዜ እሱ መሆኑ አያስገርምም። ዳጎር የሚባለው ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ግማሽ ሁለት ደብዛዛ ነጸብራቅ እናይ ነበር።

ቀለበቱ ላይ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ተጽፏል። «ኤፍ 4 ነው፤ በጣም ፈጣን ሌንስ!» ተባለ። አይደለም። ይህ በድሮ ኮዳክ ካሜራዎችም ላይ የነበረው የቀድሞ አቆጣጠር ነው። በእሱ 4 ማለት ኤፍ 8፣ 8 ማለት ኤፍ 11፣ 16 ማለት ያው ኤፍ 16፣ 64 ማለት ኤፍ 32 ነው። በማስመሪያም ይረጋገጣል። የትኩረት ርቀቱ 210 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኤፍ 4 ቢሆን ከፊት ሲታይ ቀዳዳው 52 ሚሊሜትር በሆነ ነበር። የፊቱ መስታወት ራሱ ያን ያህል አይሰፋም።

የትኩረት ርቀቱን ለማወቅ መጀመሪያ ሩቅ ተራራ ላይ አነጣጥሩና የወናፉን ርዝመት ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ አንድ ማስመሪያ በደብዛዛው መስታወት ላይ በእውነተኛ መጠኑ እስኪታይ ወናፉን ዘርጉ። ልዩነቱ የትኩረት ርቀቱ ነው።

ክቡን ራሱን ለማየት ደግሞ ፊልም ማባከን አያስፈልግም። የአንድ ክፍል መስኮት በካርቶን ድፈኑ፤ ካርቶኑ ላይ ሌንሱን ግጠሙ፤ ከፊቱ ነጭ ወረቀት አቁሙ። የውጭው ዓለም ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ክቡም ሙሉ በሙሉ ይታያል። በመጀመሪያ የብርሃኑን ዳር በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ከመሃል ወደ ዳር ሂዱና የጣሪያ ቆርቆሮ መስመሮች መዝረክረክ የሚጀምሩበትን አስምሩ። በክፍት አፐርቸር አንድ ጊዜ፣ በጠባቡ ሌላ ጊዜ። ሁለቱን ክቦች ጎን ለጎን ያየ ሰው ከእኔ ጋር አይከራከርም። ወረቀቱ ከሌንሱ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካዘነበለ ጥፋቱ የሌንሱ ይመስላችኋል። አንዳንድ አሮጌ ሌንስ አፐርቸሩ ሲጠብ የትኩረት ቦታው ስለሚንሸራተት በየአፐርቸሩ እንደገና አነጣጥሩ። የእኛን ከተማ ሰማይም አትርሱ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትር ሙቀትና አቧራ ሩቁን ነገር ያደበዝዘዋል። በጠዋት ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፋሲል ግንብን በቁመቱ በቆመ 4 በ5 ፊልም ስታነሱ ማማዎቹ ወደ ውስጥ እንዳይዘሙ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ሌንሱን ወደ ላይ ታነሳላችሁ። 30 ሚሊሜትር ብታነሱት የሚያስፈልገው ክብ ከ153 ወደ 204 ሚሊሜትር ይደርሳል። መጀመሪያ የሚዝረከረከው ደግሞ የምትፈልጉት ነገር ነው፤ የማማው አናት።

ለፒያሳው ሌንስ መልሱ ይህ ነው። ይህ ዓይነት ሌንስ ክፍት ሆኖ በደህና የሚሠራው በ45 ዲግሪ ገደማ ነው። በ210 ሚሊሜትር ያ ማለት 174 ሚሊሜትር የጠራ ክብ ነው። 8 በ10 ግን 73 ዲግሪ ይጠይቃል፤ ጥጉ ላይ ብርሃን ቢደርስም ዝርዝር አይደርስም። ለ4 በ5 ሌንሱን ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት የሚፈቅድ ጥሩ ሌንስ ነው። ለ5 በ7 ደግሞ ቀለበቱን 64 ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት።