ሶሊቴር ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ ለማስጻፍ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። መብራት ገና መምጣቱ ነው። ጸሐፊዋ ልጅ ፕሪንተሩ እስኪነሣ ብሮውዘር ከፍታ ካርታ ትደረድራለች። አጠገቤ የቆሙ፣ ጋቢ የለበሱ አባት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩና «እታለም፣ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?» አሏት። «ብቻዬን ነው አባባ» አለች።

ሶሊቴር ማለት ይኸው ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ካርታ። ተጋጣሚ የለም። የምትታገሉት ከተበወዘው ካርታ ጋር ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሰው ዝም ብሎ «ሶሊቴር» ሲል ግን ክሎንዳይክ የሚባለውን ማለቱ ነው። 52 ካርታ ይበወዛል። 28ቱ በ7 ዓምድ ይደረደራል፤ መጀመሪያው ዓምድ 1፣ ሁለተኛው 2፣ እንዲህ እያለ ሰባተኛው 7 ካርታ ይይዛል። በየዓምዱ የመጨረሻዋ ካርታ ብቻ ትገለጣለች፣ ሌላው ይደፋል። ስትጀምሩ 21 ካርታ ተደፍቶባችኋል ማለት ነው። የቀረው 24 ጥግ ላይ ተከምሮ ይቀመጣል፤ መላ ስታጡ ከእሱ ትስባላችሁ።

ግቡ ከላይ ያሉትን አራት ባዶ ቦታዎች መሙላት ነው። እያንዳንዱ ቦታ የአንድ ቅርጽ ካርታ ብቻ ይቀበላል፤ ከኤስ ተነሥቶ 2፣ 3 እያለ እስከ ኪንግ ይወጣል። ታች ዓምዶቹ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቀለሙም ይፈራረቃል። ጥቁር 8 ላይ ቀይ 7፣ ቀይ 7 ላይ ጥቁር 6። የተሠራ ተርታ እንዳለ ተነሥቶ ሌላ ዓምድ ላይ ማረፍ ይችላል። ዓምድ ባዶ ሲሆን ደግሞ የሚገባበት ኪንግ ብቻ ነው። ኮንከር የለመደ ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ይደናገራል። እጁ አንድ ዓይነት ቅርጽ መሰብሰብ ለምዷላ።

ጀማሪ ዓይኑ ላይኛው ቦታ ላይ ነው፤ ኤስ ወጣ፣ ሁለት ወጣ እያለ ይደሰታል። እኔ ግን ዋናው ሥራ እነዚያን 21 የተደፉ ካርታዎች መግለጥ ነው እላለሁ። ልጅቷ የደረሰችበትን ልንገራችሁ። አንድ ጥቁር 8 ተገልጧል። ሁለት ቀይ 7 አሉ። አንዱ 7 ከሥሩ አንድ የተደፋ ካርታ ብቻ አለው፣ ሌላው አምስት። ማውዙ አንድ ካርታ ወዳለው ሄደ። ያጓጓል፤ ዓምዱ ቶሎ ባዶ ይሆናል። ግን እጇ ላይ የሚገባበት ኪንግ አልነበረም። ኪንግ ሳይኖር ዓምድ ባዶ ማድረግ ቤት አስለቅቆ ተከራይ እንደማጣት ነው። አምስት የተደፋበትን ማንሣት ይሻል ነበር።

ላይ ለማውጣትም አትቸኩሉ። ያወጣችሁት ቀይ 5 ነገ ለጥቁር 4 ማረፊያ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጨዋታው ኮምፒውተር ላይ የታወቀው በፈረንጆቹ 1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ሲመጣ ነው። የሠራው ዌስ ቼሪ የሚባል፣ ያኔ ማይክሮሶፍት ውስጥ ተለማማጅ የነበረ ሰው ነው። ሰው ማውዝ ይዞ መጎተትን እንዲለምድም ረድቷል። እኔ ራሴ ማውዝ የለመድኩት በእሱ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለው ማሠልጠኛ፣ አንዱን ኮምፒውተር ለሦስት ተጋርተን።

ዛሬ በብሮውዘር በነጻ ይገኛል። የሚጫን ነገር የለውም፣ የሚከፈልም የለም። ካርታ ለመደርደር ስልክ ቁጥር ወይም ፋይል ማውረድ የሚጠይቃችሁን ገጽ ዝጉት። አብዛኛው ገጽ ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ አለው፤ ተጠቀሙበት፣ ነውር የለውም።

ሁልጊዜ ግን አያልቅም። ከክምሩ ሦስት ሦስት ካርታ እየተሳበ ሲጫወቱት፣ ካርታው ሁሉ ተገልጦ ቢታይ እንኳ ሊያልቅ የሚችለው ከ100 ጨዋታ 82 ያህሉ ነው። እኛ ደግሞ ተደፍቶ ነው የምንጫወተው።

ልጅቷም ተያዘባት። ክምሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ የሚገባ ካርታ የለም። «አባባ፣ ማመልከቻዎ ደርሷል» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። ተቀብለው አጠፉት፤ ግን አልሄዱም። «እስቲ ወደ ኋላ መልሺው» አሏት፣ ወደ ሁለተኛው ቀይ 7 እየጠቆሙ።