እሳት እንጨትንና ዛፍን ምን ያደርጋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ደጋ እንጨት ማገዶም ነው፣ ምሰሶም ነው፣ የገበሬው ተቀማጭም ነው። ስለ እሳት በልማድ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ግን ማገዶ ያስባክናሉ፤ ሊተርፍ የሚችል ዛፍም ያስቆርጣሉ።

«ነበልባል የሚሆነው እንጨቱ ራሱ ነው»

ነበልባሉ የሚበላው ጋዝ ነው። እንጨት ሲሞቅ በመጀመሪያ ውሃው ይወጣል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እንጨቱ መፈራረስ ይጀምርና ተቀጣጣይ ጋዝ ይለቃል፤ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ደግሞ ጋዙ በብዛት ይወጣል። አሁን የተያያዘ ፍልጥን ጠጋ ብለው ቢያዩት ነበልባሉ ከእንጨቱ ገጽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንቀለቀላል። ጋዙ ሲያልቅ ከሰሉ ይቀርና ፍም ይሆናል።

«እርጥብ ባሕር ዛፍ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ማገዶ ይቆጥባል»

ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። እርጥብ ፍልጥ እሳት ላይ ሲገባ ከጫፉ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ግማሽ ክብደቱ ውሃ ከሆነ፣ ደረቁ ክፍል ከሚሰጠው ሙቀት ከሰባት አንዱ እጅ ያህል ውሃውን ለማትነን ይሄዳል። ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ነው። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ እንጨቱ ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም፤ መፍያው ደግሞ በደብረ ብርሃን ከፍታ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ምድጃው ስለሚቀዘቅዝ ጋዙ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ያመልጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ድስት ያጠቁራል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ በእርጥቡ በክንድ ውፍረት መፍለጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ አነባብሮ መደርደር፣ ከላይ ከዝናብ ከልሎ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

«እንጨት የሚሰነጠቀው ሙቀት ስለሚያሳብጠው ነው»

የሚሰነጠቀው ደርቆ ሲኮማተር ነው። በዙሪያው የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ውጭ ካለው እጥፍ ያህል ስለሆነ ስንጥቁ ወደ እምብርቱ ይገባል። ምሰሶ ጥላ ስር ቀስ ብሎ ይድረቅ።

«በቃጠሎ የእንጨት ምሰሶ ሁልጊዜ ከብረት ቀድሞ ይወድቃል»

ወፍራም ምሰሶ በደቂቃ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይከስላል፤ የከሰለው ሽፋን ውስጡን ከሙቀት ይከልላል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ከ30 ደቂቃ በኋላ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ጤናማ እንጨት ይተርፈዋል። ያልተሸፈነ ብረት ግን 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ጥንካሬውን አጥቶ ይጎብጣል። ይህ ለቀጭን ማገር አይሠራም፤ እሱ በደቂቃዎች ያልቃል።

«የጠቆረ ዛፍ ሞቷል፣ ይቆረጥ»

ዛፍን የሚገድለው የቅርፊቱ መጥቆር ሳይሆን ከስሩ ያለችው ስስ ሕያው ሽፋን፣ ካምቢየም፣ መቀቀሏ ነው። 60 ዲግሪ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ቅርፊት እጥፍ ሲወፍር ሙቀቱ ውስጥ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሣር እሳት ፈጥኖ ሲያልፍ ትልቁን ዛፍ ትቶ ችግኙን ይገድላል። ከግንዱ ስር ተከምሮ ለሰዓታት የሚጤስ ቅጠል ግን ትልቁንም ይጨርሳል።

ለመመርመር ከመሬት አጠገብ በአራቱም ጎን በቢላዋ ጫፍ የጥፍር ስፋት ያህል ቅርፊት ያንሱ። ከስሩ እርጥብና ነጣ ወይም አረንጓዴ ያለ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ጎን ሞቷል። እንደ ጣርማ በር ባለ ተዳፋት፣ ቅጠልና ጭራሮ ከግንዱ በላይ በኩል ስለሚጠራቀም ጉዳቱ እዚያ ይብሳል። ዙሪያውን ካልሞተ ክረምቱን ጠብቁት።

ዙሪያውን ቢሞትም ባሕር ዛፍ፣ ወይራና አስታ ሥሮቻቸው ከተረፉ ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ። በወፍ ዋሻ ደን ያለው ጽድ ግን ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ቦታውን የሚተካው ከዘር የበቀለ ችግኝ ብቻ ነው።