ከአያት ጫፍ ሆኖ ለሚያይ፡ የፓርላማ አፈ ጉባኤ ማነው፣ ምንስ ይሰራል

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ 547 ወንበር ያለውን ቤት የሚመራ ሰው ነው፣ ግን እሱም ራሱ እንደማንኛውም አባል በአንድ ምርጫ ክልል ተወዳድሮ አሸንፎ የገባ ተወካይ ነው። አዲስ ፓርላማ ሲከፈት አባላቱ ከመሃላቸው አፈ ጉባኤና ምክትል ይመርጣሉ፣ የስራ ዘመኑም እንደ ቤቱ 5 አመት ነው። እዚህ አያት አካባቢ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ጥያቄ ሲመልሱ ካፌው ሁሉ ቲቪውን ከፍ ያደርጋል፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰውዬ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ደሞ ልብ ሊባል ይገባል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ለማን እድል ይሰጥ፣ የቱ ረቂቅ ለየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ይመራ፣ መቼ ድምፅ ይሰጥ የሚባለው ሁሉ በሱ እጅ ነው የሚያልፈው።

የአመቱ ስራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ነው፣ ሰኔ 30 ያልቃል፣ በመሃል የ1 ወር እረፍት አለ። ስብሰባ ለማድረግ ከግማሽ በላይ አባል መገኘት አለበት። ቤቱ እረፍት ላይ እያለ አስቸኳይ ነገር ከመጣ አፈ ጉባኤው መጥራት ይችላል፣ ከግማሽ በላይ አባላት ከጠየቁት ደግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት። ሰኔ ላይ በጀት ይፀድቃል፣ በአመቱ ውስጥ ደሞ የብድር ስምምነቶች ይመጣሉ፣ እነዚህ ደረቅ ይመስላሉ ግን ከአያት ተነስቶ ጦር ሃይሎች የሚሄደው ባቡር እኮ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር የተሰራ ነው፣ እንዲህ አይነቱ ብድር ደግሞ በፓርላማ በኩል ነው የሚያልፈው።

ሰዎቹን በተራ እንያቸው፣ የያዙትን ስልጣን ለመረዳት ይሄ ይረዳል። ህገ መንግስቱ ነሐሴ 1987 ስራ ላይ ሲውል የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ ዳዊት ዮሐንስ ሆኑ፣ እስከ 1997 ምርጫ ድረስ 10 አመት መሩ። ቀጥሎ ተሾመ ቶጋ፣ እሳቸው በኋላ በአምባሳደርነት፣ ቀጥሎም በብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ኮሚሽነርነት ሰርተዋል። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ አባዱላ ገመዳ። የአባዱላ ህይወት ለብቻው ታሪክ ነው፣ የደርግ ወታደር ሆነው ተማርከው ወደ ትግል የገቡ፣ ከኦህዴድ መስራቾች አንዱ፣ ጄኔራል፣ መከላከያ ሚኒስትር፣ የኦሮሚያ ፕሬዝዳንት፣ ከዛ አፈ ጉባኤ። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር 1 ብቻ ተቃዋሚ 1 ደሞ የግል ተወዳዳሪ ነበር የገባው፣ በ2007 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኢህአዴግና አጋሮቹ ስለነበሩ አባዱላ የመሩት ቤት ክርክር የሚፈራበት ቤት ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ግን እዛው ቤት ውስጥ የካቲት 2010 ላይ የሆነው ነገር የወንበሩን ክብደት ያሳያል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማፅደቅ ህገ መንግስቱ ከአባላቱ ሁለት ሶስተኛ ይፈልጋል። መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ቁጥር 346 ነበር፣ ይሄ ደሞ ከሁለት ሶስተኛ ያንሳል፣ ሰው ወዲያው ማስላት ጀመረ፣ በኋላ 395 ነው ተብሎ ተስተካከለ፣ 88 ተቃውሞ 7 ድምፀ ተአቅቦ። ሁሉም ወንበር የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ በሆነበት ቤት 88 ሰው እጁን ለተቃውሞ ማንሳቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ የቁጥሩ መቀየር ደግሞ ድምፅ ቆጥሮ ውጤቱን ማወጅ ስንት ነገር እንደሚወስን አሳይቶናል። አባዱላ ከዛ በፊት በ2010 መጀመሪያ ላይ መልቀቂያ አስገብተው በኋላ ተመልሰው ነበር፣ ሚያዝያ ላይ ግን ወንበሩን ለሙፈሪያት ካሚል አስረከቡ፣ እሳቸውም በዚህ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ናቸው። ጥቂት ወራት ብቻ ነው የቆዩት፣ ጥቅምት 2011 የሰላም ሚኒስትር ሲሆኑ በቦታቸው ታገሰ ጫፎ ተተኩ።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ፌዴሬሽን ምክር ቤትም የራሱ አፈ ጉባኤ አለው፣ እሱ ህግ አያወጣም፣ ህገ መንግስት ይተረጉማል። እዛም ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ሰዎች እጣ ፈንታ በጣም ይለያያል፣ አልማዝ መኮ በ1993 አሜሪካ ሄደው እዛው ቀሩ፣ ሙላቱ ተሾመ በ2006 የሀገሪቱ ፕሬዝዳንት ሆኑ፣ ኬሪያ ኢብራሂም ደሞ የ2012 ሀገራዊ ምርጫ መራዘም ሊወሰን ቀናት ሲቀሩት ሰኔ 2012 ላይ ስልጣን ለቀቁ።

ወደኛ ሰፈር ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። አዲስ አበባ ፓርላማ ውስጥ 23 ወንበር አላት፣ ኦሮሚያ 178። አያት የሚኖር ሰው ከ23ቱ አንዱን ነው የሚመርጠው፣ መንገዱን ተሻግሮ ለገጣፎ የገባ ጎረቤቱ ግን በ178ቱ ውስጥ ነው፣ ገበያው አንድ ታክሲው አንድ ሆኖ ተወካዩ ግን ሌላ። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሰረት እዛ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የውሃ፣ የካርታ፣ የውስጥ መንገድ ጥያቄ ያለው ሰው አራት ኪሎ ያለው አፈ ጉባኤ ጋር ቢሄድ መፍትሄ አያገኝም፣ የአያቱ ሰው በአዲስ አበባ ምክር ቤት በኩል ነው፣ የለገጣፎው ደሞ በከተማው አስተዳደር፣ ከዛ ከፍ ሲል በጨፌ ኦሮሚያ። ሁለቱም ምክር ቤቶች የራሳቸው አፈ ጉባኤ አላቸው። አራት ኪሎ የሚኬደው ጉዳዩ የፌደራል ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ የፌደራል መስሪያ ቤት በደል ወይም ገና ረቂቅ ላይ ያለ አዋጅ። ረቂቅ ላይ ቋሚ ኮሚቴዎቹ ህዝብ የሚሳተፍበት መድረክ ያዘጋጃሉ፣ እዛ ሄዶ መናገር ይቻላል፣ ከሰፈራችን ሄዶ የሚናገር ሰው ግን እስካሁን አላየሁም፣ ቢኖር ደስ ይለኛል።