ሞተሩ «ይንሳፈፋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በ1931 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው መኪና ሠሪ ክራይስለር በፕሊማውዝ መኪናው ላይ «ፍሎቲንግ ፓወር» የሚባል ነገር አመጣ፤ ተንሳፋፊ ኃይል እንደማለት። ስሙ ግራ ያጋባል። ሞተሩ የተቀመጠው የጎማ (የላስቲክ) ትራስ ላይ እንጂ ውሃ ላይ አይደለም።

ባለአራት ሲሊንደር ሞተር መንቀጥቀጥ ይወዳል። ሻንሲው (የመኪናው አፅም) ላይ ድርቅ ብሎ ከታሰረ መሪውንም ወንበሩንም አብሮ ያንቀጠቅጣል። ታዲያ ጎማ መሃል ማስገባት ብቻውን አይበቃም፤ ብልሃቱ ቦታው ላይ ነው። የፊተኛው መደገፊያ ከፍ፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በኩል ያለው ዝቅ ይላል። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር በሞተሩ የክብደት ማዕከል አካባቢ ያልፋል። ሞተሩ በዚያ መስመር ዙሪያ እንደልቡ ይወዛወዛል፤ አብዛኛው ንዝረት ጎማው ላይ ይቀራል። ከልኩ እንዳያልፍ በጎኑ አንዲት ባሌስትራ (ዝርግ የብረት ስፕሪንግ) ትይዘዋለች።

የፈረንሳዩ መኪና ሠሪ ሲትሮይንማ የመጠቀም ፈቃዱን ገዝቶ መኪናው ግንባር ላይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የስዋን (አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ) ምስል ለጠፈ። ግራ መጋባቱን አባባሰው ልበል?